ዓለም በቅጽሩ ውስጥ

ስለ መለየት የተሰጠው ትእዛዝ ለክርስቲያን ጆሮ እንግዳ አይደለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ፥ በስድስተኛው ምዕራፍ፥ ብርሃንና ጨለማ አንድነት እንደሌላቸው አስረድቶ ምእመናን ከማያምኑ ጋር በአንድ ቀንበር እንዳይጠመዱ አዟል። ይህ ምዕራፍ በተነበበ ቍጥር የሚሰማው ሕዝብ ዓይኑን ከቅጽሩ ወደ ውጭ ይልካል፤ ቃሉ የተነገረው ለመሸታ ቤቱ፥ ለጠንቋዩ፥ ወይም ሌላ እምነት ለያዘው ጎረቤት ነው ብሎ ልቡን ያሳርፋል። እኔ ግን አባቶቼና ወንድሞቼ የፊተኛይቱን መልእክት አምስተኛ ምዕራፍ አብረው እንዲመለከቱልኝ እለምናለሁ። በዚያ ሐዋርያው ነገሩ በውጭ ስላሉት ሰዎች እንዳልሆነ ገልጦ ይናገራል፤ በእነርሱ ላይ የሚፈርደው እግዚአብሔር ነውና። የእርሱ ክርክር ወንድም ተብሎ እየተጠራ ገንዘብ ከሚያመልከው፥ ከሚቀማው፥ ከሚሰክረው ጋር ነው፤ ከእንዲህ ያለው ጋር በማዕድ መቀመጥን እንኳ ይከለክላል። እንግዲህ የመለየት ትእዛዝ ፊቱ ወደ ውስጥ ነው።

ይህን ካልሁ ዘንድ ነገሬን በግልጥ ልናገር። በዛሬው ቀን ቤተ ክርስቲያንን የሚያስጨንቃት ዓለም ቅጽሩን አልፎ የገባው፥ በደጀ ሰላም የተቀመጠው፥ በጉባኤ ድምፅ የሚሰጠው፥ ነጠላውንም እንደ ሥርዓቱ አጣፍቶ የሚሳለመው ዓለም ነው። አለማመንም እንዲሁ ነው። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የተነሣው ክሕደት እግዚአብሔር የለም ብሎ በአደባባይ ይናገር ነበር፤ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው። ክፉ ዘመን ነበረ፤ ዳሩ ግን ምእመኑ ጠላቱን በስሙና በልብሱ ያውቀው ስለ ነበረ አልተታለለም። የዛሬው አለማመን ግን ቤተ ክርስቲያንን አይሰድባትም፤ ያመሰግናታል። ጥንታዊት ናት፥ የፊደል እናት ናት፥ የዜማና የሥዕል ግምጃ ቤት ናት፥ የአገር ነፃነት ምሽግ ናት ይላል። የሚለውም ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ሁሉ ምስጋና ከላይ እስከ ታች ቢመረምሩት ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞቶ ተነሥቷል የሚል ቃል አይገኝበትም።

የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም.፥ የጥምቀት በዓል ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ የሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት በሚይዘው የቅርስ መዝገብ ተጻፉ። በዚህ የሚከፋ ሰው የለም፤ እኔም አልከፋም። እንግዳ ሰው የቤታችንን ጌጥ አይቶ ቢያደንቅ ነውሩ ምንድን ነው? ነውር የሚሆነው የቤቱ ልጅ ቤቱን በእንግዳ ዓይን ማየት የጀመረ እንደ ሆነ ነው። ይህም ሆኖአል። ታቦቱ ከመቅደስ ሲወጣ በግራና በቀኝ የቆመውን ሕዝብ የተመለከተ ሰው፥ የሚሰግደው ስንት፥ ስልኩን ከፍ አድርጎ ምስል የሚያነሣው ስንት እንደ ሆነ ሳይቈጥር ያውቀዋል። የተማረውን ወጣት ስለ ምን ትጾማለህ ብለው ቢጠይቁት አንዱ ባህላችን ስለ ሆነ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ለጤና ይበጃል ይላል፤ ሦስተኛው፥ እርሱም ከሁሉ የሚብሰው፥ ማንነታችን ነው ብሎ ደረቱን ይነፋል። ስለ ኃጢአቴ አለቅስ ዘንድ የሚል መልስ ከአሮጊቶች በቀር ከማን ይሰማል? በቅኔ ቤት ሰሙን ብቻ ሰምቶ ድንቅ ነው እያለ የሚያጨበጭብ ተማሪ ቢኖር ጓደኞቹ ይሥቁበታል፤ ወርቁን የት ጣልኸው ይሉታል። በሃይማኖት ግን ሰሙን ብቻ ይዞ የሚያጨበጭበውን የአገር ወዳድ፥ የቤተ ክርስቲያን ልጅ እያልን በፊተኛው ወንበር እናስቀምጠዋለን።

ይህን ነገር በሌላ መንገድ ላስረዳ። ከእኛ ምእመናን የሚበዙት በአርባና በሰማንያ ቀናቸው ተጠምቀው በዚያው ዕለት ከሥጋ ወደሙ ይቀበላሉ፤ በሕፃንነታቸውም ይቈርባሉ። ከዚያ በኋላ ጕልምስና በጀመረ ጊዜ ከቅዱስ ቍርባን ይርቃሉ፤ የሚመለሱትም ጠጕር ሲሸብት፥ ጕልበት ሲከዳ ነው። በመካከሉ ያለው ሠላሳና አርባ ዓመት ምን ይባላል? ሰውየው በዚያ ዘመን ሁሉ ይሳለማል፥ ስለት ያገባል፥ ማኅበር ይጠጣል፥ በዓል ያከብራል፤ ወደ ማዕዱ ግን አይቀርብም። ምክንያቱን ሲጠየቅ አልበቃሁም ይላል። ትሕትና ይመስላል። እኔ ግን በብዙዎች ዘንድ ትሕትና እንዳልሆነ እናገራለሁ፤ ከዓለም ጋር የተዋዋሉትን ውል ላለማፍረስ የተበጀ ቃል ነው። ቢቈርብ የቀማውን መሬት መመለስ፥ ያስቀመጣትን ሴት ማሰናበት ወይም በሕግ ማግባት፥ ከወንድሙ ጋር መታረቅ ግድ ይሆንበታልና። እኛ ካህናትም አልበቃሁም ሲለን አሜን ብለን እንተወዋለን፤ የንስሐ አባት ተብለን በየቤቱ ጠበል ለመርጨትና ጠላ ለመቅመስ ብቻ እንገባለን። በእውነት ከሆነ ያን ሰው ከሥጋ ወደሙ የለየው ማን ነው? ዓለም ለየችው። ዓለም ምእመኑን ከቤተ ክርስቲያን ስትለይ ሥርዓቱን ታውቅበታለች፤ እኛ ግን ምእመኑን ከዓለም መለየት አቅቶናል።

ከዚህ የሚከፋውን ደግሞ አልሸሽገውም። አንድ ተማሪ ከልጅነቱ ጀምሮ ደበሎ ለብሶ፥ ኮቸሮ ለምኖ፥ ከውሻ ጋር እየታገለ ይማራል፤ ድጓውን በቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕቱን በዙር አባ፥ ቅኔውን በዋሸራ ወይም በጎንጅ ይቀጽላል፤ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ይፈጃል። ከዚያም አገልግሎት ፈልጎ ወደ ከተማ ሲወጣ ዕውቀቱን የሚመዝን ፈታኝ አያገኝም። የሚያገኘው የማን ዘመድ ነህ፥ የየት አገር ሰው ነህ፥ ምን ይዘሃል ብሎ የሚጠይቀውን ነው። መማለጃው ስም አለው፤ አንዳንዱ እጅ መንሻ፥ አንዳንዱ የሻይ፥ አንዳንዱም ውለታ ይለዋል። ሲሞን መሠርይ በሰማርያ ለሐዋርያት ገንዘብ ባቀረበ ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ ከነገንዘቡ ረገመው። ዛሬ ሲሞን ቢመጣ ርግማኑ ቀርቶ ደረሰኝ የሌለው ምስጋና ይቀበለው ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ በእጃችን ሳለ ነው የምንታመመው። ፍትሐ ነገሥት ሹመትን በገንዘብ የሰጠውንም የተቀበለውንም ከማዕርጉ ይሽራል። ይህ መጽሐፍ ራሱ በምን ዘመን እንደ ተሰበሰበ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። በግብጽ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1235 እስከ 1243 ዓ.ም. በእስክንድርያ መንበር የተቀመጠው አባ ቄርሎስ ሣልሳዊ፥ ኢብን ለቅለቅ የሚባለው፥ ክህነትንና ጵጵስናን በገንዘብ ይሰጥ እንደ ነበረ የራሷ የግብጽ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይመሰክርበታል። ጳጳሳቱና ሊቃውንቱ በ1238 ዓ.ም. ተሰብስበው ሥርዓት ባስያዙት ጊዜ የቀኖናውን መጽሐፍ ያሰናዳው ጸሓፊ አስ-ሳፊ ኢብን አል-ዐሳል ነበረ። በግእዝ ተመልሶ ፍትሐ ነገሥት የተባለው ይህ ነው። ልብ በሉ፤ በመንበሩ ላይ ነጋዴ በተቀመጠበት ዘመን ያ ሊቅ ቤተ ክርስቲያን ጠፍታለች ብሎ አልወጣም፥ ዘመኑ ነው ብሎም አልተኛም። ሕጉን ሰብስቦ በሕገ ወጡ ፊት አኖረው።

የእኛም አባቶች መንገድ ይህ ነበረ። ዐፄ ዐምደ ጽዮን፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1314 እስከ 1344 ዓ.ም. የነገሠው፥ በሕግ ያልተፈቀደ ጋብቻ በያዘ ጊዜ አባ በጸሎተ ሚካኤልና አባ አኖሬዎስ በፊቱ ቆመው ገሠጹት፤ ተገረፉ፥ ተጋዙም። የደብረ አስቦው አባ ፊልጶስም የስደቱ ተካፋይ ሆነ። ንጉሡ ኃያል ነበረ፤ ለገዳማትም ርስት ሰጪ ነበረ። ርስቱን አስበው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። የአባ በጸሎተ ሚካኤል ገድል ደግሞ በጳጳሱም ላይ ሳይቀር ስለ ሹመት መማለጃ እንደ ተናገረ ይተርካል። እነዚህ አባቶች ከንጉሡ ማዕድ ተለዩ፤ ከቤተ ክርስቲያን ግን አንድ ቀን አልተለዩም። ስለዚህ ነው ንጉሡን ያስፈሩት፤ ወጥተው ቢሄዱለት ደስ ይለው ነበር።

ይህን ስናገር ከወዲያ ወገን ያሉት ቸኵለው ይነሣሉ። እነሆ አንተው ራስህ መሰከርህ፥ ቤተ ክርስቲያን ረክሳለች፥ ንጹሐን ወጥተው ለብቻቸው ይሰብሰቡ ይላሉ። ይህ ድምፅ አዲስ አይደለም። በሮሜ በ251 ዓ.ም. ንዋጥስ በስደት ጊዜ የወደቁትን ንስሐቸውን አልቀበልም ብሎ ለራሱ የንጹሓን ማኅበር አቆመ። በቅርጣግናም በ303 ዓ.ም. በተጀመረው በዲዮቅልጥያኖስ ስደት አንዳንድ ጳጳሳት ቅዱሳት መጻሕፍትን ለአሳዳጆች አሳልፈው ሰጥተዋል ተብሎ ክርክር ተነሣ፤ በኋላ በዶናጦስ ስም የተጠሩት ከእነዚያ እጅ የተሾመ ካህን ጥምቀቱም ቍርባኑም ከንቱ ነው ብለው ተለዩ። መቶ ዓመት አለፈ። በ411 ዓ.ም. በቅርጣግና ከሁለቱም ወገን ከአምስት መቶ የሚበልጡ ጳጳሳት ተሰብስበው ተከራከሩ። ያን ጊዜ የንጹሓኑ ማኅበር ራሱ በመካከሉ ተከፋፍሎ እርስ በርሱ ተወጋግዞ ነበር፤ ዱላ ይዘው ሰው የሚደበድቡም በወገኑ ውስጥ ነበሩበት። የወጡት ዓለምን በቅርጣግና ትተው የወጡ መስሏቸው ነበር፤ በከረጢታቸው ይዘዋት ሄደዋል። የሰሜን አፍሪቃ ቤተ ክርስቲያን በኋላ ስትጠፋ ያጠፋት መለያየቷ ብቻ ነው አልልም፤ ነገር ግን አልጠቀማትም።

ሩቅ አገር ስለ ምን እጠቅሳለሁ? በእኛው ዘመን ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ድረስ በአገር ቤትና በአሜሪካ ሁለት ሲኖዶስ ተብሎ ስንኖር፥ በውጭ ያሉት ልጆቻችን በአንድ ከተማ ውስጥ በአንድ ቅዳሴ ሁለት የተለያየ ፓትርያርክ ስም ሲጠራ ሰምተው አደጉ። ይህ መለየት በየትኛው ኃጢአት ላይ የተደረገ መለየት ነበረ? በሁለቱም በኩል ቅዱሳን አልጠፉም፤ በሁለቱም በኩል መማለጃና ወገንተኝነት ነበረ። በዋሽንግተን ዕርቁ በተፈጸመ ጊዜ ደስ ያላለው ክርስቲያን የለም፤ ከዕርቁ በኋላ ግን የተለያየንበት ዓለማዊነት ከሁለቱም ቤት ወጥቶ እንደ ሆነ የጠየቀ ጥቂት ነው።

እንደ ንዋጥስና እንደ ዶናጦስ ያልሆነ መለየት እንዳለ ግን አልዘነጋሁም። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ስለ ቀዳሚት ሰንበት ተወግዘው፥ ክህነት ተከልክለው ብዙ ዘመን ኖሩ፤ መምህራቸውም በ1352 ዓ.ም. በአርመን ምድር ዐረፈ። እነርሱ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አላቆሙም፤ በደጅ ቆመው አንኳኩ። በ1450 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቀዳሚትና እሑድ አብረው እንዲከበሩ ተወስኖ ተቀበሏቸው። መቶ ዓመት ያህል ማንኳኳት ቀላል ትዕግሥት አይደለም።

ከወዲህኛው ወገን የሚነሡት ደግሞ አሉ፤ እነዚህ ይበዛሉ፥ ወንበርም አላቸው። የሚመልሱልኝም በስንዴውና በእንክርዳዱ ምሳሌ ነው። እስከ መከር ተዉአቸው ተብሏልና ማንንም አንንካ፥ ሁሉም በጊዜው ይለያል ይላሉ። ጌታ ራሱ ምሳሌውን ሲፈታ እርሻውን ዓለም ብሎታል። ዶናጣውያንም ይህንኑ እየጠቀሱ ይከራከሩ እንደ ነበረ አውቃለሁ፤ እነርሱ ግን ከእውነተኛ ንባብ ተነሥተው ወደ ስሕተት ሄዱ፤ ቤተ ክርስቲያን በዓለም ሁሉ የተዘረጋች መሆኗንና በእርሷም ውስጥ እንክርዳድ እስከ ፍጻሜ እንደማይታጣ ረሱ። ነገር ግን በዚያው በማቴዎስ ወንጌል በአሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ፥ የበደለውን ወንድም ለብቻው፥ ቀጥሎም በምስክር ፊት፥ ቀጥሎም በማኅበር ፊት መገሠጽ ታዟል፤ ባይሰማም እንደ አረመኔ እንዲቈጠር ተፈርዷል። ይህን ያዘዘና ያን ምሳሌ የተናገረ አንድ ጌታ ነው። መንቀል የተከለከለው ነፍስን መፍረድና ማጥፋት ነው፤ እንክርዳዱን የእርሻው አለቃ አድርጎ መሾምን ግን ምሳሌው የት ላይ ፈቀደ?

መንቀልን በሰይፍ የሞከረውንም አይተናል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መጻሕፍት ያስጻፈ፥ ለሃይማኖት የቀና ንጉሥ ነበረ፤ በጉባኤ ደብረ ምጥማቅም ምስጋና ይገባዋል። ጣዖትና ጥንቈላን ከክርስቲያኑ መካከል ሊያጠፋ ወዶ ሰይጣንን መካዳቸውን በግምባራቸውና በእጃቸው እንዲጽፉ አዘዘ፤ በጣዖት አምልኮ የተከሰሰው በሞት ይቀጣ ጀመር፤ የገዛ ልጆቹ እንኳ በዚህ ክስ ጠፉ። ያን ጊዜ ወንድሙን የጠላ ሁሉ ከሳሽ ሆነ። ግምባር ላይ የተጻፈው ወደ ልብ አልወረደም፤ ጥንቈላውም እስከ ዛሬ አለ፤ የአስማት ክታብ የሚጽፈው ደብተራ ከእኛው ቅኔ ማኅሌት መቋሚያውን አስደግፎ እንደሚወጣ የማያውቅ ማን ነው? እርሱን ለመከልከል ሰይፍ አያስፈልግም ነበር። ከማኅሌቱ ማሰናበት ይበቃ ነበር፤ ይህን ግን ድምፁ መልካም ነው እያልን ትተነዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ የሚለኝን በቅዱስ አትናቴዎስ አስታውሰዋለሁ። አርዮስ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ አልተነሣም፤ በእስክንድርያ ቅስና ያለው፥ ሰባኪ፥ ዜማ ዐዋቂ ነበረ። ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ አባቶች በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ካወገዙት በኋላም ነገሩ አላበቃም፤ ቤተ መንግሥቱ ወደ አርዮሳውያን አዘነበለ። አትናቴዎስ አምስት ጊዜ ተሰደደ፤ የስደቱ ዘመን ቢደመር ዐሥራ ሰባት ዓመት ያህል ነው። ንጉሡ ቈስጠንጢዮስ በ356 ዓ.ም. ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ልኮ፥ በአትናቴዎስ እጅ የተሾመው ፍሬምናጦስ፥ አባታችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፥ ወደ እስክንድርያ ተልኮ በጊዮርጊስ እንዲመረመር ጠየቀ፤ ይህ ጊዮርጊስ አርዮሳውያን በመንበሩ ያስቀመጡት ነው፥ ከሰማዕቱ ጋር በስም ብቻ ይገናኛል። አትናቴዎስ ያን ደብዳቤ በመጽሐፉ ስላኖረልን ዛሬ እናነበዋለን። አስተውሉ፤ አለማመን ወደ አገራችን ደጅ በመጀመሪያ የመጣው በጣዖት ካህን እጅ አልነበረም፤ ክርስቲያን ነኝ በሚል ንጉሥ ማኅተም፥ ወዳጅነትን በሚናገር ቃል፥ በጳጳስ ስም መጣ። ፍሬምናጦስ ተላልፎ ቢሰጥ ኖሮ ሃይማኖታችን ምን ይሆን ነበር? ቤተ ክርስቲያናችን በኒቅያ እምነት መቆሟ ነው መልሱ።

ይህ መለየት በእኛ ዘመን በጣም ትንሽ በሚመስል ነገር ይጀምራል። በድሃ ገንዘብ የከበረ ባለጠጋ ለተዝካር ድንኳን ተክሎ ሲጠራን፥ ቀምቶ እንደ ሆነ እያወቅን በፊተኛው ማዕድ ላለመቀመጥ። ሹመት በተሸጠበት ደብር የተሸጠለትን ሰው እንኳን አደረሰህ ላለማለት። አጋንንት ሲያወጣ ምስሉን በስልክ እየቀረጸ የሚነግደውን፥ ብዙ ሕዝብ ስላስከተለ ብቻ በዝምታ ላለማለፍ። የሰበካው ገቢና ወጪ በምእመናን ፊት ይነበብ ሲባል የሚቈጣውን አስተዳዳሪ፥ ስለ ምን ትቈጣለህ ብሎ ለመጠየቅ። የአገሩን ሰው ብቻ የሚሾመውንም፥ በክርስቶስ ጥምቀት የተጠመቅነው ስንት ነን ብሎ በጉባኤ ፊት ለማስቆም። ይህ ሁሉ ዋጋ አለው፤ ደመወዝ ይቀራል፥ ዝውውር ይመጣል፥ ወዳጅ ይሸሻል።

ከዚህ በኋላ የምሰማውን መልስ አስቀድሜ አውቀዋለሁ፤ በቅርብም ከብዙ አፍ ሰምቼዋለሁ። የባለጠጋውን መባ ካልተቀበልን ሕንፃው በምን ይፈጸማል፥ ጣራው በምን ይከደናል ይላሉ። ዲድስቅልያ ጳጳሳትና ካህናት ከቀማኞችና ከግፈኞች እጅ መባ እንዳይቀበሉ ይከለክላል፤ ከእነርሱ ከመቀበል መራብ እንደሚሻልም ያስተምራል። ይህ መጽሐፍ በየደብራችን ዕቃ ቤት ተቀምጦአል። ስለ ጣራውም ቢሆን፥ ቆርቆሮ ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት የገጠሩ አብያተ ክርስቲያናት የሚበዙት በሣር ይከደኑ ነበር፤ ሣሩም በየጥቂት ዓመቱ ሲያረጅ ሰበካው ሁሉ፥ ባለጠጋውም ድሃውም፥ ሸክሙን ተሸክሞ መጥቶ በአንድ ቀን ይከድነው ነበር።